ጭራቅ ሲመጣ

«ጭራቅ መጣልህ!» እየተባልን ላደግን ሰዎች የፓትሪክ ኔስ መጽሐፍ አርእስት እንግዳ አይሆንብንም፤ በአማርኛ ቢመለስ «ጭራቅ ሲመጣ» ያሰኛልና። ሐሳቡን የጀመረችው ሺቮን ዳውድ ነበረች። እርስዋ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. በካንሰር ስለ ሞተች፥ ኔስ ጽፎ በ2011 በእንግሊዝ አገር አሳተመው።

ኮነር የሚባለው የ13 ዓመት ልጅ እናቱ በጽኑ ታማበታለች። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ሲሆን፥ ከመቃብሩ ስፍራ የቆመው ያረጀ ዛፍ ጭራቅ ሆኖ ይመጣበታል። ልጁ ግን አይደነግጥም፤ ከዚህ የከፋ ሕልም አለውና። በሕልሙ እናቱ ወደ ገደል ስትወድቅ እጅዋን ይዞ ሳለ ይለቃታል። ጭራቁ ሦስት ተረት ይነግረውና አራተኛውን፥ ይኸውም የሕልሙን እውነት፥ ከአፉ ይጠይቀዋል።

ከተረቶቹ አንዱ፥ ሴቶች ልጆቹ በታመሙ ጊዜ፥ በስብከቱ ሲነቅፈው ወደ ኖረው መድኃኒተኛ ሄዶ «እምነቴን ሁሉ እተዋለሁ» ያለውን ቄስ ይወቅሳል። ይህን አንብቦ የሚቈጣ አይታጣም፤ ነገር ግን የተነቀፈው እምነቱ ሳይሆን በጭንቅ ቀን መለወጡ ነው። እኔስ የምነቅፈው ሌላ ነው፤ ኮነርን በትምህርት ቤት የሚደበድቡት ልጆች ጥላ ብቻ ሆነው ቀርተዋል።

በእኛ በወላይታ ሶዶስ? በዳሞታ ተራራ ግርጌ፥ ሌሊት የእንሰቱን ቅጠል ድምፅ እየሰማ የታመመች እናቱን የሚጠብቅ ልጅ ይህን ያንብብ ወይስ ያስፈራዋል ተብሎ ይከልከል? «ምነው ይህ ሁሉ ባለቀ» ብሎ በልቡ ያሰበ እንደ ሆነ፥ ያሰበው እናቱን ጠልቶ ሳይሆን ሥቃዩን መቻል አቅቶት መሆኑን ማን ይነግረዋል? ጎረቤቱ ሁሉ «አይዞህ፥ ትድናለች» ይለዋል። ጭራቁ ግን እንዲህ አይለውም።