«ቢራ፣ ጡት ማጥባትና ያገር እምነት» ስለተባለው ጥናት የቀረበ ሒስ

ለምታጠባ እናት ወተት እንዲወርድላት ጠላ ይሰጣት ማለት በአገራችን በብዙ ቤት የሚሰማ ምክር ነው። በአውሮጳና በአሜሪካም እንዲሁ ቢራ ሲመከር ኖሯል። ጁሊ ሜኔላና ጋሪ ቢቻም የተባሉ ሁለት የፊላዴልፊያ ተመራማሪዎች በ1993 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ እምነት ይመረምራል። እኛም አንብበነው፣ የሚመሰገነውን አመስግነን የሚነቀፈውን ለመንቀፍ ተነሥተናል።

አሠራሩ ቀላል ነው። እናቶቹ አንድ ቀን ቢራ፣ በሌላ ቀን አልኮል የሌለበት ቢራ ጠጡ፤ ልጆቻቸውም ከመጥባታቸው በፊትና በኋላ ተመዘኑ። ቢራ በተጠጣበት ቀን፣ በ4 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሕፃናቱ ያገኙት ወተት አነሰ፤ ጡት የያዙበት ጊዜ ብዛት ግን አልቀነሰም። ከሁሉ የሚያስደንቀው እናቶቹ ጉድለቱን አለማወቃቸው ነው። ልጃቸው የጠገበ መስሏቸዋል፤ በጡታቸውም ወተት የተረፈ መስሎ ተሰምቷቸዋል። ሜኔላ ከሌሎች ጋር በ2005 ባወጣችው ጥናት እንደታየው፣ አልኮል ወተቱን ከጡት የሚያስወጣውን ኦክሲቶሲን ይቀንሳል፣ ፕሮላክቲንን ግን ከፍ ያደርጋል። እንግዲህ ባልቴቶቻችን ጠላ ጡት ይሞላል ሲሉ አንድ ነገር ሳያዩ አልተናገሩም ይሆናል፤ ሕፃኑን የሚመዝኑበት ሚዛን ግን አልነበራቸውም።

ነቀፌታችን ከዚህ ይጀምራል። ገብሱ በሁለቱም መጠጥ ውስጥ አለ። ስለዚህ የተፈተነው አልኮሉ ብቻ ነው እንጂ፣ ርእሱ ቃል የገባልን ያገር እምነት በሙሉ አይደለም። ወተት የሚያመጣው ገብሱ ቢሆንስ? ያለ ሦስተኛ ቀን፣ ማለት ውሃ ብቻ የሚጠጣበት ቀን ሳይኖር፣ ይህን ማወቅ አይቻልም። አጥሚትና በሶ ለሚጠጣበት አገር ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይኸው ነበር።

ሁለተኛው የመጠን ነገር ነው። አሜሪካኖች «አንድ መጠጥ» የሚሉት 14 ግራም ያህል አልኮል ያለበትን፣ ይኸውም ወደ 350 ሚሊ ሊትር ገደማ ቢራ ነው። ከዚያ በኋላ 2 ሰዓት ያህል ቆይታ ታጥባ ይላሉ። የኛ ጠላ ግን ባንዲት ቤት ቅራሪ፣ በሌላይቱ ቤት ራስ የሚያዞር ነው፤ ዋንጫውም መጠን የለውም፤ ጨዋ ባለቤትም ሳይጐድል ይሞላዋል! ችግሩም የሚከብደው በክርስትናው ቀን ነው፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ፣ ድግሱ ለእናቲቱም ነውና። የዚህ ዕድሜ ልጅ ደግሞ 2 ሰዓት ሳይሞላ ማልቀሱ አይቀርም። በወተት ውስጥ ያለው አልኮል በደም ካለው ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ስለሆነ፣ ወተቱን አልቦ መድፋት አያፋጥነውም። የሚሻለው ከድግሱ በፊት አጥብቶ፣ የታለበ ወተትም በንጹሕ ዕቃ ማስቀመጥ ነው።

ይሁን እንጂ፣ ጠላ የቀመሰች እናት ጭራሹን ጡት ታስጥል የሚል ሰው ካለ፣ ይህ ጥናት ምስክር አይሆነውም። የታየው የአንድ ቀን፣ የጥቂት ሰዓት ጉድለት ነው፤ ስለሚደጋገም መጠጥም አልተመረመረም። ስለ ሕፃኑ እንቅልፍና እድገት ከዚህ ተነሥቶ መፍረድም ችኮላ ነው።

ከኛ መካከል ሥራውን የሚቀጥል ቢገኝ፣ ሚዛኑ ከጤና ጣቢያ ይገኛል። ሦስት ቀን ይበቃዋል፤ አንዱ የጠላ፣ አንዱ የበሶ፣ አንዱ የውሃ።