በኪራይ የኖረ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የቪዲዮ ጌምን ስም ግን የሚያወጣው ጠበቃ ነው። መጀመሪያ የንግድ ምልክት መዝገብ ይፈተሻል፣ ከዚያ ማመልከቻ ይገባል፣ እኛ የምንሰማው መጨረሻ ላይ ነው። አንዳንዴ ግን ማመልከቻው ራሱ ያሳብቃል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 የሆነው ይኸው ነው። ኢኤ ስፖርትስ «ፊፋ» የሚለውን ስም ሊተው ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ በእንግሊዝና በአውሮፓ ኅብረት የንግድ ምልክት ጽሕፈት ቤቶች «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» የሚል ማመልከቻ ገብቶ ተገኘ። ኩባንያውም በዚያው ሰሞን ስሙን መቀየር እያሰበበት መሆኑን ተናገረ። ከሰባት ወር በኋላ ወሬው እውነት ሆነ። ፊፋ 23 የመጨረሻው ሆኖ፣ በሴፕቴምበር 2023 ኤፍሲ 24 ወጣ።

ያኔ ሁሉም ሰው የተከራከረው ስለ አዲሱ ስም ነበር። ያምራል፣ አያምርም፣ የጂም ቤት ስም ይመስላል። ለእኔ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ስሙ ሲቀየር ምን ሳይቀየር ቀረ?

መጀመሪያ ኪራዩን እንይ። የዚህ ጌም የመጀመሪያው እትም የወጣው በ1993 መጨረሻ ነው። ከዚያ ጀምሮ ለ30 ዓመት ገደማ ኢኤ ስሙን የተጠቀመው ለዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን እየከፈለ ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ በወቅቱ እንደዘገበው ፊፋ ለእያንዳንዱ የአራት ዓመት የዓለም ዋንጫ ዑደት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጠየቀ፤ ይህም ከቀድሞው ክፍያ ከእጥፍ በላይ ነው። ታዲያ በዚህ ገንዘብ የሚገዛው ምንድነው? ስሙ፣ አርማውና የዓለም ዋንጫው፣ በቃ። የተጫዋቾቹ ስምና መልክ፣ የክለቦቹ ማልያ፣ ስታዲየሞቹ የሚመጡት ከሌላ ውል ነው፦ ከተጫዋቾች ማኅበሩ ከፊፍፕሮ፣ ከሊጎችና ከክለቦች። ኢኤ ከ300 በላይ እንዲህ ያሉ ውሎች፣ ከ19,000 በላይ ተጫዋቾችና ከ700 በላይ ቡድኖች በእጁ እንዳሉ ሲናገር መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ ቤቱ የእኔ ነው፣ የተከራየሁት በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ ነው።

ስም ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ፔስ የተጫወተ ሰው ያውቀዋል። ኮናሚ ፈቃድ ስላልነበረው ሊቨርፑል «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ» ይባሉ ነበር። በተራው ኢኤ የዩቬንቱስን ፈቃድ ሲያጣ በፊፋ 20 ላይ «ፒየሞንቴ ካልቾ» የሚባል ክለብ አመጣብን። ስቀን እንጫወት ነበር፤ ጨዋታው ከጣመ የውሸት ስም ይታለፋል። የማይታለፈው በ2021 የመጣው ነው። ኮናሚ ፔስን «ኢፉትቦል» ብሎ ሰየመና በዚያው ጨዋታውንም ከሥር ነቅሎ ቀየረው። በሴፕቴምበር 30 ያልበሰለ ነገር አቀረበ፣ በስቲም ላይ የውግዘት መዓት ወረደበት፣ በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀ። ሶፍትዌር በመሥራት ለሚተዳደር ሰው ይህ የታወቀ ጥፋት ነው። ስምንና አሠራርን በአንድ ጊዜ አትቀይርም። ሁለቱን ካቀላቀልክ፣ የተበላሸው የቱ ጋ እንደሆነ አንተም አታውቀው፣ ተጠቃሚውም የሚይዘው ያጣል።

ኢኤ ይህንን ሕግ አክብሯል። ችግሩ ከመጠን በላይ ማክበሩ ነው። በኤፍሲ 24 ሴት ተጫዋቾች በአልቲሜት ቲም ከወንዶቹ ጋር በአንድ ቡድን መሰለፍ ጀመሩ፤ ይሄ እውነተኛ ለውጥ ነው። አዲሱ የሦስት ማዕዘን አርማም ጥሩ ሥራ ነው፤ የምናንቀሳቅሰው ተጫዋች አናት ላይ ለዓመታት ስትዞር የኖረችውን ምልክት ያስታውሳል። ገንዘቡ የሚፈስበት ቦታ ግን አልተነካም። አልቲሜት ቲም በ2021 የበጀት ዓመት ለኢኤ 1.62 ቢሊዮን ዶላር አስገብቷል። በገንዘብ ፓክ መክፈት ሎተሪ ከመፋቅ ብዙም አይርቅም፤ ከፍለህ ትከፍተዋለህ፣ የሚወጣልህን ግን አታውቅም። ቤልጂየም ቁማር ነው ብላ ስለተከራከረች ኢኤ በ2019 መጀመሪያ እዚያ አገር «ፊፋ ፖይንትስ» መሸጥ አቁሟል። ስሙ ሲቀየር «ፊፋ ፖይንትስ» ምን ሆነ? «ኤፍሲ ፖይንትስ» ተባለ። ቃሉን ፈልገህ በሌላ መተካት ማለት ይሄ ነው። አዲስ ዘመን ተብሎ የተነገረን ነገር የድሮውን ሳጥን በአዲስ ስም ይሸጣል።

ስሙም ቢሆን ደካማ ነው። «ኤፍሲ» ማለት የእግር ኳስ ክለብ ማለት ነው፤ በዓለም ላይ ያሉ ሺህ ክለቦች የሚጋሩትን ቃል ማንም የግሌ ነው ሊል አይችልም። ስለዚህ ፊት ለፊቱ ሁልጊዜ «ኢኤ ስፖርትስ» መቆም አለበት። ለጠበቃው የሚመች፣ ለአፍ የማይመች ስም ነው።

አፍ ደግሞ የራሱ መዝገብ አለው። እኛ አገር የታሸገ ውሃ ሁሉ «ሃይላንድ» ነው፣ የዱቄት ሳሙና ሁሉ «ኦሞ»፣ ባለ ሦስት እግሩ የማንም ፋብሪካ ቢሆን «ባጃጅ»። አዲስ አበባ ጌም ቤት ገብተህ «ኤፍሲ እንግጠም» ብትል የሚረዳህ ይኖራል፣ ግን ዞር ብሎ ያይሃል። ስክሪኑ ላይ ኤፍሲ ተጽፎ፣ ጆይስቲክ የያዘው ልጅ «ፊፋ የሚችለኝ የለም» ይላል። እዚህ ላይ ሁለቱም ተሸንፈዋል። ፌዴሬሽኑ አንድ ሳንቲም የማያገኝበት ጌም በስሙ ይጠራል፤ ኢኤም የራሱን ጌም ገና በቀድሞ አከራዩ ስም ሲጠሩበት ይሰማል። በ2024 ደግሞ ፊፋ ለኢ-ስፖርት የዓለም ዋንጫው ከኮናሚ ጋር ተዋዋለ። የራሱን የተወደደ ስም የጣለው ኩባንያ፣ ተቀናቃኙ የጣለውን ስም አነሳ።

የስም ቅየራ ወሬ ነገም ይመጣል። አንዱ ማመልከቻ ቆፍሮ ያወጣል፣ እኛም አርማው ላይ ሌሊቱን ሙሉ እንከራከራለን። እኔ ግን ከእንግዲህ መጀመሪያ የማየው አርማውን አይደለም፤ ሱቁን ከፍቼ ፓኩ ስንት እንደሚሸጥ ነው።