ሦስት ግመሎች ስንት ናቸው? የሟች ንብረት ሒሳብ ከኤድንብራ እስከ አዲጋላ

አዲጋላ አካባቢ አንድ ሰው ሞተ እንበል። ዕዳ የለበትም፤ ኑዛዜም አልተወም። የቀሩት ሚስቱ፣ ሦስት ወንዶች ልጆቹና አንዲት የአራት ዓመት ሴት ልጁ ናቸው። ሀብቱ 24 ግመል ነው። ቃዲው ፊት ድርሻው ብዙ አያከራክርም። ሚስት ከስምንት አንድ ስለሚደርሳት 3 ግመል ትወስዳለች፤ ከቀሩት 21 ወንድ የሴትን እጥፍ ያገኛልና ለእያንዳንዱ ወንድ ልጅ 6፣ ለሴቷ 3 ይደርሳል። ልጅቱ ሕፃን ስለሆነች ሦስቱ ግመሎች በአጎቷ እጅ ይቆያሉ።

አሥር ዓመት አለፈ። እንስት ግመል ከዓመት በላይ ታረግዛለች፤ ዝናቡ ከሠመረም በየሁለት ዓመቱ ገደማ ትወልዳለች። ሦስቱም እንስት ከነበሩ በእነዚህ ዓመታት ከአሥር የማያንሱ ግልገሎች ሊወለዱ፣ ብዙዎቹም ሊሞቱ ይችላሉ። ልጅቱ ለአቅመ ሔዋን በደረሰች ጊዜ አጎቷ ሦስት ግመል እየነዳ መጥቶ በምስክር ፊት ቢያስረክባት፣ አደራውን ጠበቀ ወይስ በላ?

የውርስ ማጣራት መዝገቦቻችን ለዚህ ጥያቄ መልስ የላቸውም። አጣሪው የሚያቀርበው ሪፖርት የሞት ዕለት ፎቶግራፍ ነው፤ በዚያች ቀን ምን ነበረ፣ ለማን ስንት ደረሰ ይልና ይዘጋል። አደራው ግን ገና መጀመሩ ነው። ስለ ውርስ ሕጋችን ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ክርክር የሚያተኩረው ማን ይውረስ፣ ስንት ይውረስ በሚለው ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከክፍፍሉ በኋላ ያሉት ዓመታት ሒሳብ አልባ ሆነው መቅረታቸው ነው። ጉዳዩን ለማየት የሚረዳኝ መስተዋት ያገኘሁት ደግሞ ከሩቅ አገር፣ ከስኮትላንድ የባለአደራ መዝገቦች ነው።

ስኮትላንድ ውስጥ ከሃይማኖት ተሐድሶ በኋላ የሟች ንብረት ጉዳይ ኮሚሰሪ በሚባሉ ፍርድ ቤቶች ይታይ ነበር። የኤድንብራው እ.ኤ.አ. በ1564 ተቋቋመ። እዚያ የተመዘገበ የአንድ ገበሬ የውርስ ሰነድ ዛሬ ሲነበብ ከሕግ ጽሑፍ ይልቅ የቤት ጉብኝት ይመስላል። መጀመሪያ ላሞቹ፣ በጎቹና ፈረሶቹ ከነዋጋቸው ይቆጠራሉ፤ ቀጥሎ በጎተራና በማሳ ያለው አጃና ገብስ ይሰፈራል፤ የቤት ዕቃውና ልብሱ በጅምላ በአንድ መስመር ይገመታል። ከዚያ ሁለት የዕዳ ዝርዝሮች ይከተላሉ፤ አንዱ ሰዎች ለሟቹ የሚከፍሉት፣ ሌላው ሟቹ ለሰዎች የሚከፍለው ነው። በሁለተኛው ዝርዝር የሎሌውና የገረዷ ያልተከፈለ ደመወዝ ሳይቀር ይገኛል። ዕዳው ተቀንሶ የቀረው ንጹሕ ሀብት ሚስትና ልጆች ካሉ ሦስት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ሲሶ የሚስት፣ አንዱ ሲሶ የልጆች ነው። ሦስተኛው ሲሶ «የሙት ድርሻ» ይባላል፤ ሰውዬው እንደ ፈቃዱ ሊናዘዝበት የሚችለው በዚህ ብቻ ነው።

ሸሪዓን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። በእስልምና ሕግም ሰው በኑዛዜ ሊሰጥ የሚችለው ከሀብቱ ሲሶውን ብቻ ነው። ሁለቱ ሕጎች ተቀዳድተዋል እያልኩ አይደለም። ግን ሁለቱም ሟች በቤተሰቡ ላይ ያለውን ሥልጣን በአንድ ሲሶ ገድበውታል፤ ሁለቱም ቀብርንና ዕዳን አስቀድመዋል።

የስኮትላንዱ ወረቀት የማያየው ነገርም ነበረ። መሬት በኮሚሰሪው ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ በደንቡ ለታላቁ ወንድ ልጅ ያልፋል፤ እስከ 1868 እ.ኤ.አ. ድረስም በኑዛዜ ሊሰጥ አይችልም ነበር። ስለዚህ አርሶ አደሩ ላም ብቻ ያለው ድሃ ይሁን ባለ ብዙ መሬት፣ ሰነዱን ብቻ ያነበበ አይለየውም። ባለመሬቶች ክልከላውን የዘለሉበት ዘዴ አደራ ነው። በሕይወት ሳሉ መሬታቸውን ለባለአደራዎች በሰነድ ያስተላልፋሉ፤ ባለአደራዎቹም ከሞት በኋላ በመመሪያው መሠረት ለሚስት፣ ለታናናሽ ልጆችና ለአበዳሪዎች ያስተዳድሩታል።

የእነዚህ ባለአደራዎች መዝገብ ሴዴሩንት ይባላል። ቃሉ ላቲን ነው፤ «ተቀመጡ» ማለት ነው። እያንዳንዱ ስብሰባ የሚጀምረው ማን ማን እንደተቀመጠ በመጻፍ ስለሆነ መጽሐፉ ስሙን ከዚያ አገኘ። ቃለ ጉባኤው፣ ደብዳቤው፣ የዓመቱ ገቢና ወጪ በአንድ ጥራዝ ይያዛል፤ አንዳንዱ አደራ ልጆቹ አድገው እስኪያገቡ ስለሚዘልቅ መዝገቡም አብሯቸው ያድጋል። የሒሳቡ አያያዝ ከዛሬው የባንክ ሒሳብ ይለያል። በአንድ በኩል ባለአደራው የተጫነው፣ ማለትም የተረከበውና ኋላም የገባለት ሁሉ ይጻፋል፤ በሌላ በኩል የተራገፈለት፣ ማለትም በደረሰኝ ያወጣው ሁሉ ይሰፍራል። ጭነትና ማራገፍ! የግመል ነጂ ቋንቋ ነው። ሁለቱ እኩል እስካልሆኑ ድረስ ባለአደራው ሸክሙን እንዳዘለ ይቆያል።

ከሁሉ የበለጠ ልብ የሚባለው ዓመት ግን 1849 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ የሕፃናትንና ራሳቸውን ማስተዳደር የማይችሉ ሰዎችን ንብረት የሚይዙ ሰዎች የንብረት ዝርዝር እንዲያስገቡና በየዓመቱ ሒሳብ እንዲያቀርቡ አስገደደ፤ ሒሳቡን የሚመረምር የፍርድ ቤት ሒሳብ ሹምም አቆመ። ከአምስት ዓመት በኋላ የንጉሣዊ ቻርተር ያገኘው የኤድንብራ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር አባላት አብዛኛውን እንጀራቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ከአደራ፣ ከሟችና ከከሰረ ሰው ንብረት ሥራ ነበር። ዛሬ በዓለም የታወቀው የተመሰከረለት የሒሳብ ባለሙያ ሙያ አንዱ ሥሩ የወላጅ አልባ ልጅ ንብረት ነው ማለት ይቻላል።

ወደ አዲጋላ ልመለስ። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው ሐዲድ ላይ፣ በሲቲ ዞን ደረቅ ሜዳ ያለች የኢሳ ሶማሌዎች ከተማ ናት። የኢሳ ባህላዊ ሕግ ሔር ይባላል። ኡጋስ በሚባለው ባህላዊ መሪ ሥር 44 ሽማግሌዎች ያሉት ጉባኤ ይመራዋል፤ ፍርዱ በዛፍ ጥላ ሥር ይሰጣል፤ ሕጉም በቃል ይወራረሳል። የጅቡቲው ምሁር ዓሊ ሙሳ ኢዬ ስለዚህ ሕግ በፈረንሳይኛ የጻፈው መጽሐፍ ርእሱ «የዛፉ ፍርድ» ነው። ዩኔስኮ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሔርን ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በሚጋሩት ቅርስነት መዝግቦታል። «ተቀመጡ» ብሎ በሚጀምረው መዝገብና በተቀመጡት ሽማግሌዎች መካከል የጎደለው ጸሐፊው ብቻ ነው።

ይሁንና ጸሐፊ ስለሌለ ሒሳብ የለም ማለት አይደለም። ከአዲጋላ ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ሻይ ቤት አንድ ሽማግሌ አግኝቼ፣ «አዴር፣ ግመሎችዎ ስንት ናቸው?» ብዬ ስጠይቃቸው ፊታቸውን ዞር አደረጉ። ጥያቄዬ ነውር እንደነበረ ወዲያው ገባኝ። ጥቂት ቆይተው ግን ስለ አንዲት አሮጌ ግመል ማውራት ጀመሩ። ከማን ጥሎሽ እንደመጣች፣ የመጀመሪያ ልጇ በየትኛው ዝናብ እንደተወለደች፣ የዚያች ልጅ ሁለተኛ ግልገል በጅብ እንደተበላ፣ ታናሿ ለማን ካሣ እንደተከፈለች ነገሩኝ። ጣታቸውን እያጠፉ በእናት በኩል አራት ትውልድ ወረዱ። ቁጥር አንድ ጊዜም አልጠሩም። በእርግጥ ከመንጋው የትኛዋ የየትኛዋ ልጅ እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ቁጥር ምን ያደርግለታል?

የፍርድ ቤት ቅጽ ይህን ዕውቀት የሚያሰፍርበት ዓምድ የለውም። «ግመል፣ ብዛት 24» ይላል። ከ24ቱ ግን አንዷ ልጁ በተወለደ ጊዜ እትብቱ ሲታሰር የተሰጠችው ልትሆን ትችላለች፤ በሶማሌ ልማድ ያቺ ግመል ከነርቢዋ የልጁ እንጂ የአባቱ ሀብት አይደለችም፤ ውርስ ውስጥ መግባት የለባትም። ሌላዋ ለወተት የተዋሰች የዘመድ ግመል ልትሆን ትችላለች። የሟቹ ግመሎችም በተራቸው በሰው መንጋ ውስጥ አሉ። የደጋ አንባቢ በየርቢ የተሰጠች ላምን ቢያስብ ነገሩ ይቀርበዋል፤ ላሟ የአንዱ ናት፣ በረቱ የሌላው፣ ጥጃው የሁለቱም። የስኮትላንዱ ኮሚሰሪ ሁለት የዕዳ ዝርዝር የጻፈው ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነበር። የሰው እጅ ያለውን የራስህን፣ እጅህ ያለውን የሰው ሳትለይ ንጹሕ ሀብት አታገኝም።

እዚህ ላይ የአዲጋላ ሒሳብ የቃል ብቻ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ደመወዝ፣ ደረሰኝና ማኅተም ይዞ በዚህ ሜዳ አልፏል። ከዚያ በፊትም የሐረር ቃዲዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመሬት ሽያጭንና ውርስን በዓረብኛ መዝግበዋል። በ1934 እና በ1936 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች የቃዲ ፍርድ ቤቶችን በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዳኝነት ውስጥ አስገቡ፤ ጋብቻ፣ ውርስ፣ ስጦታና ወቅፍ የእነርሱ ሥልጣን ሆነ። የዛሬው ሕገ መንግሥትም ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ከፈቀዱ በሸሪዓ መዳኘትን ይፈቅዳል። የሶማሊኛ የላቲን ጽሕፈት በሶማሊያ የታወጀው በ1965 ዓ.ም. ነው፤ ወደ እኛ ትምህርት ቤትና ቢሮ የገባው ደግሞ ከ1983 በኋላ ነው። እንግዲህ የአንዲት የአዲጋላ ባልቴት ድርሻ በአያቷ ዘመን በዓረብኛ፣ በእናቷ ዘመን በአማርኛ፣ በእርሷ ዘመን በላቲን ፊደል ተጽፏል። ሦስቱንም ማንበብ የሚችሉ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ከእነዚያም መካከል ሴቶቹ ይበልጥ ጥቂት ናቸው። የመዝገብ ታሪካችን ሲጻፍ ይህ ጉዳይ በግርጌ ማስታወሻ መታለፍ የለበትም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግስ? አርቃቂው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ከእንግሊዝ የሕግ ሥርዓት የአደራን ተቋም ወስዶ አስገብቶበታል፤ ባለአደራው ንብረቱን በመሥራቹ መመሪያ እንዲያስተዳድር ይደነግጋል። ውርስ አጣሪው ኑዛዜ እንዲፈልግ፣ ንብረቱን እንዲያስተዳድር፣ ዕዳ እንዲከፍል፣ ሥራውንም ሲጨርስ ሒሳብ እንዲያቀርብ ያዛል። ሥራውን ሲጨርስ! ሕጉ የሚያስበው ተለክቶ፣ ተሸጦ፣ ተካፍሎ የሚያልቅ ንብረትን ነው። ውርሱ የሚከፈተውም ሟቹ ዋና መኖሪያው ባደረገበት ቦታ ነው ይላል፤ ዝናብ ተከትሎ ለሚዘዋወር ሰው ያ ቦታ የት እንደሆነ ዳኛው ራሱ ይፈልግ። ሞግዚትም የሕፃኑን ንብረት በሒሳብ እንዲይዝ በሕግ ግዴታ አለበት፤ ግን ኤድንብራ በ1849 እ.ኤ.አ. ያቆመችው ዓይነት፣ በየዓመቱ «እስቲ አምጣ» የሚል ሹም ለዚህች ልጅ የለም።

የቃሉን ሒሳብ ስላደነቅኩ ብቻ ይበቃል አልልም። ትዝታው በወንዶች እጅ ነው፤ ከ44ቱ መካከል የልጅቱ እናት አትቀመጥም። ምስክርነቱም የሚኖረው መንደሩ አብሮ እስካለ ነው። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. ድርቁ ሲቲን ሲመታ መንጋው አለቀ፤ ሰዉም ውኃና ዕርዳታ ፍለጋ ተበተነ፤ የግመሎቹን ዘር የሚያውቁትም አብረው ተበተኑ። ከዚያ ወዲህ «ድርቅ ጨረሳቸው» የሚለው ቃል እውነት ለሆነለት አጎትም ሐሰት ለሆነበት አጎትም እኩል ይሠራል። ሐቀኛው ራሱን የሚያጸዳበት ማስረጃ የለውም፤ ከዳተኛው የሚጋለጥበት ማስረጃም የለም። የጽሑፍ ሒሳብ በባለአደራው ላይ የተሰነዘረ ጥርጣሬ ተደርጎ ሲወሰድ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ የሚራገፍበት ወረቀት የሌለው ባለአደራ ዕድሜ ልኩን ተጭኖ ይኖራል። ቁርኣንም ዕዳ እንዲጻፍ ያዘዘበት አንቀጽ ከአንቀጾቹ ሁሉ ረጅሙ ነው፤ የየቲሞች (የወላጅ አልባ ልጆች) ገንዘብ ሲመለስላቸውም ምስክር እንዲቆም በአን-ኒሳእ ምዕራፍ ታዟል። የጎደለው በመጀመሪያው ምስክርና በመጨረሻው ምስክር መካከል ያሉትን ዓመታት የሚይዝ ገጽ ነው።

ያ ገጽ ከኤድንብራ ተቀድቶ ሊመጣ አይችልም፤ እዚያ ዓመቱ የሚዘጋው በኪራይና በወለድ ነው። እዚህ ዓመቱ የሚዘጋው ካረን የሚባለው ዝናብ አልፎ፣ መንጋው ወደ ውኃ ሲሰበሰብ፣ የተወለደውና የሞተው ሲታወቅ ነው። ዓምዶቹም ሽማግሌው ጣታቸውን እያጠፉ እንደነገሩኝ መሆን አለባቸው፤ የእናቲቱ መለያ፣ የግልገሏ መለያ፣ የተወለደችበት ዝናብ፣ የሞተችበት ወይም የተሸጠችበት ምክንያት፣ ያየው ሰው። ቃዲው ጽሕፈት ቤት አንድ ቅጂ፣ የልጅቱ እናት እጅ አንድ ቅጂ። ያኔ አጎትየው ሦስት ግመል ብቻ እየነዳ ቢመጣ፣ የቀሩት በየትኛው ድርቅ እንደሞቱ፣ የትኛዋ ለልጅቱ ሕክምና እንደተሸጠች፣ ሽያጩን ማን እንዳየ በገጹ ላይ ይገኛል። ልጅቱ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ገብታ ከሆነ ራሷ ታነበዋለች።