ጫማ በወግ ሲበላ

ድስቱ ተጥዷል። አጭሩ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ በሹካ ወጋ አድርጎ ብስለቱን ይፈትናል፤ ገና ሁለት ደቂቃ እንደሚቀረው ለባልንጀራው ያስታውቃል። ባልንጀራው ገበታው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ውጭ በረዶው ጎጆዋን ሊውጣት ምንም አልቀረው። ዕለቱ አሜሪካውያን ዘመድ አዝማድ ሰብስበው ጠግበው የሚበሉበት የምስጋና በዓል ነው። ድስቱ ውስጥ ያለው የአጭሩ ሰውዬ የገዛ ጫማው ነው።

ቻርሊ ቻፕሊን «ዘ ጎልድ ረሽ» የተባለውን ድምፅ አልባ ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው በፈረንጆቹ ሰኔ 1925 ሆሊውድ ውስጥ ነው። ወርቅ ፍለጋ ወደ አላስካ የዘለቀ፣ ራሱ ቻፕሊን የሚጫወተው አንድ ምስኪን፣ ቢግ ጂም ከሚባል ግዙፍ ወርቅ ፈላጊ ጋር አንዲት ጎጆ ውስጥ በረዶ ያግተዋል፤ የሚላስ የሚቀመስ የለም። ታሪኩ ከዚያ ወዲያ ብዙ ይሄዳል። ፍቅር አለ፣ ጠብ አለ፣ በስተመጨረሻም ሀብት አለ። እኔን ደጋግሞ የሚመልሰኝ ግን ያ የጫማ ማዕድ ነው። ረሃብን የሚያህል ነገር ይዞ ሰው የሚያስቅ ሥራ፣ ከዚህ የበለጠ ተጠንቅቆ የተሠራ አላየሁም።

እጆቹን ልብ ብላችሁ እዩ። ጫማውን ከድስቱ አውጥቶ ሳህን ላይ ያኖረዋል፤ አኖረው እንጂ ጣለው አይባልም። ከፈላበት ውሃ ጨልፎ ያፈስበታል፤ መረቁ መሆኑ ነው። ከዚያ ቢላዋ ያነሳል። እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ጠጋ ብሎ ማየት አለበት። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አድርጋ የምታወጣ ባለሙያ ሴት መገጣጠሚያውን ሳትፈልግ እንደምታገኘው፣ ቻርሊም ቢላዋውን የሚያሳርፈው ቆዳውና ሶሉ የተገናኙበት ቦታ ላይ ነው። አይታገልም፣ አይገዘግዝም። የላይኛው ቆዳ ተላቆ ሲነሳ ሶሉ በዙሪያው ሚስማሮቹን አቁሞ ይቀራል። ሥጋው ተነሣ፣ አጥንቱ ቀረ። ተመልካቹ የሚያየው ጫማ መሆኑን ለአፍታም አይረሳም፤ ምራቁ ግን ሳያስፈቅደው አፉን ይሞላዋል።

ቀጥሎ ክፍፍል ይመጣል። ጂም የራሱን ድርሻ ያያል፣ የቻርሊን ያያል፣ ሳህኖቹን ይለዋውጣል። ቆዳው ለጉልበተኛው፣ ሚስማራሙ ሶልና የጫማው ክር ለደካማው ይሆናል። ይህች እንቅስቃሴ ጥቂት ሰከንድ ብትፈጅ ነው። ስለ ችጋር የሚሰብክ ፊልም ግን በአንድ ሰዓት የማይነግረንን ትነግረናለች፤ ረሃብ ሲጠና ሰው በጫማ ድርሻ እንኳ ይጣላል። ቻፕሊን እዚህ ላይ አልቆመም፣ አላስረዳም፣ ሐዘን የሚያመጣ ፊት አላሳየንም። ሳህኑ ተለወጠ፤ መብላት ተጀመረ።

የአበላሉ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ክሩን በሹካ እንደ ፓስታ እየጠቀለለ ይጎርሳል። ሚስማሮቹን ተራ በተራ ይመጥጣል፤ አጥንት ላይ የቀረች ሥጋ የማያስተርፍ ሰው እንደሚያደርገው። አንድ የተጣመመ ሚስማር ሲያገኝ ደግሞ ትንሽ ጣቱ ላይ ሰክቶ ለጂም ይዘረጋለታል። ነገሩ እንዲገባን የፈረንጆቹን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዶሮ ደረት የሚወጣውን ባለ ሁለት ቅርንጫፍ አጥንት ሁለት ሰዎች በየጫፉ ይዘው ይስቡታል፤ ትልቁ ስባሪ የደረሰው ሰው የተመኘው ይሰምርለታል ይባላል። ቻርሊ ያንን የምኞት አጥንት ነው የዘረጋው። ሚስማር ግን አይሰበርም።

በዚህ ሁሉ መካከል ሁለት ፊት እናያለን። ማክ ስዌይን የሚጫወተው ጂም ጫማ እየበላ ያለ ሰው ነው፤ ያኝካል፣ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ለመዋጥ ይተናነቃል። ቻርሊ ራት እየበላ ያለ ሰው ነው። የሥራው ምሥጢር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሁለቱም ቢያጉረመርሙ መከራ ብቻ ይሆን ነበር፤ ሁለቱም ቢያጣጥሙት ቅዠት። አንዱ እውነቱን ይዞልን ሌላው ወጉን ስለያዘልን ሳቁ ከመሐል ይወጣል። ቻርሊ አስተናጋጅ ነው። «አፈር ስሆን» እየተባለ ያደገ ሰው ይህን ወዲያው ይለየዋል፤ ቤት ውስጥ ያለው ምንም ይሁን ምን አቀራረቡ አይጓደልም፣ እንግዳው ሳይስተናገድ አይሄድም። ሆዱ ባዶ የሆነው ይህ ሰው ወጉን ካልጣለ ረሃቡ ገና አላሸነፈውም ማለት ነው። የሚያስቀንም ይኸው ግትርነቱ ነው። የምንስቀው በችግሩ ላይ ነው የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል፤ ፊልሙን በደንብ ያዩት አይመስለኝም።

እንዲህ ያለ ልስላሴ በአንድ ቀን አልመጣም። ጫማው ሊኮሪስ ከሚባል ጣፋጭ ሥር በሚሠራ ጥቁር ከረሜላ የተሠራ ነው። ትዕይንቱ 3 ቀን ፈጅቷል፤ 63 ጊዜ ተቀርጿል። ሊኮሪስ ሲበዛ ሆድ ያላላል፤ ተዋንያኑም ከዚህ አላመለጡም። ቻፕሊን ለዚህ ፊልም ከ230 ሺህ ጫማ በላይ ፊልም አቃጥሎ ለተመልካች ያቀረበው 8 ሺህ 500 ጫማ ያህሉን ነው። እኛ ቀላል ነው ብለን የምንስቅበት ነገር ሁሉ ከተጣለ ክምር ውስጥ የተመረጠ ነው። ደራሲውም፣ አዘጋጁም፣ ተዋናዩም፣ ገንዘብ አውጪውም እሱ ስለነበረ «ይበቃል» የሚለው ሰው አልነበረም።

ሐሳቡ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ ተራ ነው። በወዳጆቹ በዳግላስ ፌርባንክስና በሜሪ ፒክፎርድ ቤት፣ በሁለት ዓይን በሚታይ የፎቶ መሣሪያ የክሎንዳይክ ወርቅ ፈላጊዎች በበረዶ ተራራ ላይ ተሰልፈው ሲወጡ አየ። ሁለተኛው ግን የሚያስፈራ ነው። በ1846 ወደ ካሊፎርኒያ ሲጓዙ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ በረዶ ስለዘጋባቸው የዶነር ተጓዦች የተጻፈ አነበበ። ከ80 ከሚበልጡት ውስጥ በሕይወት የወጡት ግማሽ ያህሉ ናቸው። የከብት ቆዳ ቀቀሉ፣ ጫማቸውን በሉ፣ በመጨረሻም የሞቱ ጓደኞቻቸውን በሉ። ቻፕሊን ይህን አንብቦ ኮሜዲ ታየው። የበረዶውን ትዕይንት ለመቅረጽ የሄደውም ወደዚያው አካባቢ፣ ወደ ትራኪ ከተማ ነው። ከሳክራሜንቶ በባቡር የመጡ 600 ያህል ሰዎች ተራራውን በሰልፍ ሲወጡ የተቀረጸው እዚያ ነበር።

ለእንዲህ ያለ ድፍረት ፈቃድ የሚሰጥ ካለ ሕይወቱ ሰጥታዋለች። ቻፕሊን በ1889 ለንደን ተወልዶ በ7 ዓመቱ ከወንድሙ ጋር ላምቤዝ ወደሚገኘው የድሆች መጠለያ ገባ። አባቱ በመጠጥ ምክንያት ገና በ38 ዓመቱ ሞተ። ዘፋኝ የነበረችው እናቱ ሃና አእምሮዋ ሲታወክ፣ ሐኪሙ የምግብ እጦትን አንዱ ምክንያት አድርጎ እንደጠቀሰ በግለ ታሪኩ ጽፏል። በዚያው መጽሐፍ አንድ የበግ ታሪክ አለ። በሰፈራቸው ወደ ቄራ ይነዳ የነበረ በግ አመለጠ፤ ሰዉ ሊይዘው ሲሯሯጥ፣ ሲወድቅ ሲነሣ፣ ትንሹ ቻርሊ በሳቅ ፈረሰ። በጉ ተይዞ ሲወሰድ ነው የሚሄደው ወዴት እንደሆነ የገባው፤ ወደ እናቱ እያለቀሰ ሮጠ። የኋላ ፊልሞቹ መሠረት ያ ቀን ይሆን እንዴ ብሎ ራሱን ይጠይቃል።

እኛ ለቅሶ ቤት ሳቅ ሲያመልጠን «ጥርስ ባዳ ነው» ብለን እናልፋለን። የቻፕሊን ጥርስ ባዳ አይደለም፤ የሐዘኑ ሥጋ ዘመድ ነው። ለዚህ ማስረጃው ፊልሙ ውስጥ አለ። ሌላ ኮሜዲ ሠሪ ቢሆን ጫማው ተበልቶ፣ ተስቆ፣ በሚቀጥለው ትዕይንት ሁለቱም እግሮች ጫማ አድርገው ይመጡ ነበር። ቻርሊ ከዚያ ማዕድ በኋላ አንድ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሚሄደው። ዳንስ ቤት ሲገባ በጨርቁ ነው፤ የወደዳት ልጅ ፊት ሲቆምም በጨርቁ ነው። የበላውን ሲከፍል እናየዋለን።

ረሃቡም በጫማ አልበረደም። ጂም ቀስ በቀስ አእምሮው ይስትና ቻርሊ ሰው የሚያህል ዶሮ ሆኖ ይታየዋል። ይህን ዛሬ ኮምፒዩተር ይሠራዋል፤ ያኔ የሠሩት በራሱ በካሜራው ውስጥ ነው። ቻርሊ በልብሱ ይቀረጻል፤ ምስሉ ቀስ ብሎ እንዲጠፋ ይደረጋል፤ ቻርሊ የዶሮ ልብስ ለብሶ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል፤ ፊልሙ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ በላዩ ላይ እንደገና ይቀረጻል። አንድ ስንዝር ቢስት ሁሉ ነገር ይበላሻል። እኔ የማደንቀው ግን ዘዴውን ብቻ አይደለም። ዶሮዋ የምትራመደው በቻርሊ አረማመድ ነው። ላባ ለብሶም እሱነቱን አልለቀቀም፤ ስለዚህ ጂም ጠመንጃ ሲያነሣ የምንሰጋው ለዶሮ አይደለም።

ስለ በረዶው አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ትራኪ ላይ የተቀረጸው አብዛኛው ተጥሎ፣ ተራራው በሆሊውድ ስቱዲዮ ውስጥ በእንጨትና በሽቦ እንደገና ተሠራ። ለበረዶው 285 ቶን ጨው፣ 200 ቶን ጀሶና 100 በርሜል ዱቄት ፈሰሰ። ሁለት ሰዎች የሚላስ አጥተው ጫማ የሚያኝኩበት ፊልም ተራራውን በዱቄት ማልበሱን ሳስብ፣ ቻፕሊን ይህንንም ቀልድ ሳያውቅ የሠራው አይመስለኝም።

የዳቦው ጭፈራ ከጫማው ይበልጥ ዝነኛ ነው። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ቻርሊ ለወደዳት ልጅ ለጆርጂያና ለጓደኞቿ ማዕድ አሰናድቶ ይጠብቃል። ሲጠብቅ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ በሕልሙ እንግዶቹ መጥተዋል። ሁለት ትንንሽ ዳቦዎችን በሁለት ሹካ ወግቶ ጠረጴዛው ላይ ያስጨፍራቸዋል፤ ሹካዎቹ ቅልጥም፣ ዳቦዎቹ ጫማ፣ ከላይ ያለው የራሱ ፊት ጭንቅላት ሆኖ አንድ ትንሽ ጨፋሪ ይወጣል። ፊቱ አይስቅም፤ ተራ በተራ ወደ እግሮቹ እያየ ተጠንቅቆ ይጨፍራል። ሐሳቡን የፈጠረው እሱ አይደለም። ፋቲ አርበክል በ1917 በወጣ ፊልም ዳቦና ሹካ አስጨፍሮ ነበር፤ እዚያ ላይ ግን እግረ መንገድ የተጣለች ቀልድ ናት። ቻፕሊን አንስቶ፣ የማይመጡ እንግዶች በሚጠበቁበት ሌሊት ውስጥ፣ በብቸኛ ሰው ሕልም ውስጥ አኖራት። በርሊን ላይ ሲታይ ተመልካቹ ጭብጨባውን አላቆም ስላለ ፊልሙ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ጭፈራው እንደገና ታየ ይባላል። እንደኔ ከሆነ በርሊኖች የተሳሳተውን ክፍል ነው ያስደገሙት። ዳቦው ያምራል፤ ጫማው ግን ያምራልም ይከፍላልም።

ፊልሙ እንከን የለውም አልልም። መጨረሻው ላይ ቻርሊ ሚሊየነር ሆኖ ፀጉራም ካፖርት ለብሶ መርከብ ላይ ሲታይ የሆነ ነገር ይላላል። ጥጋብ ቻርሊን አይመጥነውም። እሱ ራሱም ነገሩ የታወቀው ይመስል፣ ካፖርቱን ከላይ ደርቦ የሲጋራ ቁራጭ ከወለል ላይ ሊለቅም ጎንበስ ሲል እናየዋለን፤ መርከቡ ላይ ካለው ሁሉ የወደድኩትም ይኸው ነው።

ፊልሙን ለማየት ለምትፈልጉ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ቅጂው ሁለት ነው። በ1942 ቻፕሊን ሙዚቃ ጨምሮ፣ ጽሑፎቹን አውጥቶ፣ በራሱ ድምፅ እየተረከ እንደገና አወጣው። ድምፁ ደስ ይላል፤ ነገር ግን እጁ የሚናገረውን አፉ ይደግመዋል፤ ከመጨረሻውም ቆርጦ ያስቀረው አለ። የ1925ቱን ፈልጉ። ደግሞ በባዶ ሆድ አትዩት።