የቁራ ጫጩቶችና የላስታ ሰማይ

ስለ ላሊበላ ከሚጻፈው መካከል አንድ ዓይነት ጽሑፍ አለ፤ አንባቢም ሳያጋጥመው አይቀርም። የገና በዓል ሲቃረብ በጋዜጣ ዓምድ ላይ፣ አለዚያም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በምትሸጥ ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። አጀማመሩ ስለ ላስታ ተራሮች ግርማ ነው። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ይወርዳል። ማሰሪያው ደግሞ ይህን የሰው እጅ ሊሠራው አይችልምና እግዚአብሔር መኖሩ በዚህ ታወቀ የሚል ነው። ይህ ጸሐፊ ከማሰሪያው ጋር ጠብ የለውም። ጠቡ ከመንገዱ ጋር ነው።

ለመሆኑ ይህ መንገድ ከየት መጣ? ዊልያም ፔሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በ1802 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሜዳ ላይ የእጅ ሰዓት ወድቆ ያገኘ ሰው ሰዓት ሠሪ መኖሩን እንደሚያውቅ ሁሉ፣ የዓይንን ወይም የክንፍን አሠራር የተመለከተም ሠሪውን ማወቅ አለበት ሲል ተከራከረ። ሙግቱ የተዋጣለት ነበር፤ ዳርዊን ራሱ በተማሪነቱ በአድናቆት አንብቦታል። ዛሬ በአማርኛ የምናነበው አብዛኛው የዚህ ዓይነት ስብከት፣ ምንጩን ባያውቀውም የፔሊ የልጅ ልጅ ነው። የላስታ ተራራ በሰዓቱ ቦታ ገብቷል፤ ከዚያ ውጭ የተለወጠ ነገር የለም።

የአገራችን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ግን የሚጀምረው ከሌላ ጥያቄ ነው። ሙሉው መጽሐፍ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየልን ኩፋሌ፣ እግዚአብሔር በስድስት ቀን የሠራውን ሥራ ቆጥሮ 22 ያደርሰዋል። አክሲማሮስም በዚያው የስድስት ቀን ሥራ ላይ ይመላለሳል። የኔታ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ይህን ሲያስተምር ማን ፈጠረው ብሎ አይከራከርም። ለምን ተፈጠረ ነው የሚለው። መልሱም የታወቀ ነው፤ ከፍጥረት ከፊሉ ለምግብ፣ ከፊሉ ለአንክሮና ለተዘክሮ፣ ማለትም ለመደነቅና ለማስታወስ። እስቲ ይህችን ተዘክሮ የምትባል ቃል ልብ እንበላት። ሰው የሚያስታውሰው የሚያውቀውን ነው። መኖሩን ገና በማስረጃ ሊያረጋግጥ የተነሣ ሰው ምኑን ያስታውሳል?

ላሊበላ ከተማ ውስጥ ይህ ትምህርት በመሬት ላይ ተጽፎ ይታያል። በሁለቱ የአብያተ ክርስቲያናት ክፍሎች መካከል ያለው፣ ዓመቱን በአብዛኛው ደርቆ የሚከርመው የተጠረበ ቦይ ዮርዳኖስ ይባላል። ታቦር አለ፤ ደብረ ዘይት አለ። ኮረብታው ታቦርን መስሎ አይደለም፤ ዮርዳኖስም በነሐሴ ካልሆነ ወንዝነቱ አይታወቅም። ያዩትን መሬት በሰሙት ነገር ስም ጠሩት፤ በዚያ የሚያልፍም ሁሉ እንዲያስታውስ ሆነ። ድንጋዩን በተመለከተ ደግሞ፣ የሰሜኑ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ፈስሶ የተነባበረ የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። ጠራቢው ከላይ ወደ ታች እየፈለፈለ ሲወርድ የሳተውን መመለስ አይችልም። ይህን የሰው እጅ አልሠራውም ማለት ለእግዚአብሔር ክብር የሚጨምር ይመስለናል፤ የሚሰርዘው ግን የዚያን ጠራቢ ድካም ነው። ባህሉ እንኳ መላእክት ከሰዎቹ ጋር አብረው ሠሩ ይላል እንጂ ሠራተኞቹን አላባረረም።

ገድለ ላሊበላም ፍጥረትን ለምስክርነት ይጠራል። ሕፃኑ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንቦቹ ንግሥናውን እንዳወቁ ተረዳች፤ ስሙም ከዚያ ወጣ። ታሪኩ ያምራል። ሆኖም እዚህ ላይ ንብ የምትመሰክረው ለዙፋን ነው። ገድሉ ንጉሡ ካረፈ ከረጅም ዘመን በኋላ የተጻፈ መሆኑን ስናስብ፣ ተፈጥሮን ለቤተ መንግሥት ጉዳይ በምስክርነት ማቆም የቆየ ልማድ መሆኑን እንረዳለን። በዚህ ረገድ ከገድሉ ይልቅ የቤተ ክርስቲያን የወቅት አቆጣጠር ይበልጥብኛል።

ምክንያቱን ልናገር። ከሰኔ 26 ቀን የሚጀምረው ዘመነ ክረምት በየክፍሉ ስም አለው። መብረቅና ነጎድጓድ የሚታሰብበት አለ፤ ባሕርና ወንዞች የሚታሰቡበት አለ። በነሐሴ ደግሞ ዕጕለ ቋዓት ይመጣል፤ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። ሊቃውንቱ መዝሙረ ዳዊትን ተከትለው ሲተረጉሙ፣ ጫጩቶቹ ላባ ሳያወጡ ሲፈለፈሉ እናትና አባታቸው ትተዋቸው ይሸሻሉ፤ እነሱም አፋቸውን ወደ ሰማይ ከፍተው ሲጮኹ እግዚአብሔር ተሐዋስያንን ወደ አፋቸው ያገባላቸዋል ይላሉ።

የአዕዋፍ ተመራማሪዎች ቁራ ጫጩቷን እንደማትጥል፣ ወንዱም ሴቷም እየተመላለሱ እንደሚመግቡ ይነግሩናል። በፔሊ ሚዛን ከተመዘነ እንግዲህ ነገሩ አለቀ፤ ማስረጃው ወደቀ። ነገር ግን ይህ ትምህርት በየትኛው ወር እንደሚነገር እንይ። ነሐሴ በላስታ ደጋ ጎተራ የሚራቆትበት፣ ገብሱ ገና አረንጓዴ የሆነበት፣ ያምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ያልደረሰበት ወር ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዚህ ሕዝብ፣ በዚህ ወር፣ ስለ አበባ ውበት አልሰበከችም። የአበባው ወቅት ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 በኋላ በራሱ ጊዜ ይመጣል። በነሐሴ የምታሳየው የተከፈተ አፍ ነው። በተፈጥሮ ውስጥ እግዚአብሔርን ማየት ማለት እዚህ ላይ የራስን ረሃብ ከወፍ ረሃብ ጋር አንድ ላይ ማየት ነው።

አንባቢ የሚያነሣውን ጥያቄ አላጣሁትም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የወሎ ምድር፣ ላስታም ጭምር፣ አፉን ከፍቶ ሳይመገብ የቀረውን ሕዝብ አይቷል። የተራሮቹን ግርማ ማስረጃ ያደረገ ሰው የዚያን ዘመን ሰማይስ ምን ሊለው ነው? ጠራራው ሰማይም ከዚያው ሰዓት ሠሪ እጅ የወጣ ነው። ያነበብኳቸው ትንንሽ መጻሕፍት እዚህ ሲደርሱ ዝም ይላሉ፤ ወይም ይባስ ብለው ጥፋቱን በተራበው ላይ ይጥላሉ። የሁለቱ ዘመን ረሃብ የዝናብ እጥረት ብቻ ሳይሆን የመንግሥታት ዝምታና ጦርነትም ጭምር እንደነበረበት እያወቅን፣ ይህን ፍርድ በገበሬው ላይ መጫን ነውር ነው።

ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ ወደ ታች ወርዶ ሌላ ዋሻ አጠገብ ያልፋል፤ የሐተታው ዘርዓ ያዕቆብ ተሸሸገበት የተባለውን ማለቴ ነው። መጽሐፉን የጻፈው እሱ ይሁን ወይስ በ19ኛው መቶ ዘመን የነበረው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ፣ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ማንም ይጻፈው፣ እዚያ ያለው ሰው ከወላጆቹ ወደ ወላጆቻቸው እየተቆጠረ ወደ ፈጣሪ ይደርሳል። ከዚህ አስቀድሞ ግን የሰውን ክፋት አይቶ፣ የምጸልይለት በእርግጥ ይሰማኛልን ብሎ ጠይቋል። ጥያቄውን ሳይዘል ነው ወደ መልሱ የሄደው። ለዚህ ነው ከዘመናችን ሰባኪዎች ይልቅ የሚታመነው።

ዝናብም ቢሆን በላስታ አንድ ፊት ብቻ የለውም። በምህላ የሚለመነው ውኃ ድንጋዩን ሰርስሮ ይበላዋል። ይህን ለመከላከል በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ትላልቅ መጠለያዎች ተተከሉ። ለዓይን አያምሩም፤ ነገሩን ግን በግልጽ ያሳያሉ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ነአኩቶ ለአብ አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ዋሻ ውስጥ ነው፤ ከዋሻው ጣሪያ ውኃ ይንጠባጠባል። ከላይ የዘነበው በዐለቱ ውስጥ ሰርጎ ቀስ እያለ የሚወርድ መሆኑን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ውኃው ሲወርድበት በኖረው ቦታ ሥር ጎድጓዳ ድንጋዮች ተቀምጠዋል፤ የተጠራቀመው ጠበል ነው። በበጋ፣ ውጭው ሁሉ አመድ መስሎ ሳለ፣ ጆሮ ለሰጠው ሰው ጠብታው ይሰማል።