ግፍ የተጀመረበት ቀን አለው
(የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እንደገና ሲያዩት)

ከሲልቨር ስፕሪንግ በጆርጂያ አቬኑ ወደ ዲሲ ሲወረድ፣ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ሳንኮፋ የተባለው የመጻሕፍትና የፊልም ቤት ይገኛል። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር ያቋቋሙት ነው። በዚህ አካባቢ ከምንኖር ሐበሾች መካከል «ጤዛ»ን አይቶ ያለቀሰ ብዙ ነው። ቀድሞ የሠሩትን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ግን ያየው ጥቂት ይመስለኛል። ያላያችሁ እዩት። ያያችሁትም ድገሙት፤ ምክንያቱም ፊልሙ ዛሬም የሚያከራክር ነገር አለው።

ፊልሙ የተቀረጸው በ1974 (እ.ኤ.አ.)፣ የዘውዱ ሥርዓት እየተንገዳገደ ባለበት ወቅት ነው። በጥቁርና ነጭ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ባለርስቱ ከደጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጮኻል፣ ያዛል፣ ይሰድባል። ጭሰኛው ከነቤተሰቡ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ እጅ ይነሳል። ከበደ የለ፣ ተራ ድራማ የለ፤ ካሜራው ሞፈርና ቀንበሩን እስኪደክመን ድረስ ያሳየናል። እኛ ለማየት የሰለቸንን ገበሬው ዕድሜ ልኩን ይኖረዋልና መሰላቸታችን ራሱ ትምህርት ነው። ከአርበኝነት ተመልሶ መሬቱን የተነጠቀውና «እብድ» የሚባለው ከበበ መጨረሻ ላይ ባለርስቱን ይገድለዋል። ይህን ሁሉ አደንቃለሁ።

ጠቤ ከርዕሱ ጋር ነው። ለመሆኑ ሦስት ሺህ ዓመት የሆነው የትኛው ግፍ ነው?

በጎጃምና በቤጌምድር አብዛኛው ገበሬ በርስቱ ላይ የሚያርስ ነበር። በ1967 (እ.ኤ.አ.) የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ በማግስቱ ዓመት የጎጃም ገበሬ ነፍጥ ያነሳው «ርስቴ ሊወሰድ ነው» ብሎ ነው። በደቡብ ግን ጭሰኝነት በብዛት የተተከለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከምኒልክ ዘመቻ ወዲህ መሬት ለሹምና ለወታደር ሲከፋፈል ነው። ፊልሙ ሲሠራ መቶ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። አያቱ ባለመሬት የነበረ ሰው ጭሰኛ ሆኖ ማለት ነው።

ከዚያም የባሰው ገና ትኩስ ነበር። በአርሲ ጭላሎ በ1967 (እ.ኤ.አ.) በስዊድን እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ተቋቋመ። ዓላማው ቅን ነበር፤ ለትንሹ ገበሬ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር ማቅረብ። ምርቱ አደገ። ምርቱ ሲያድግ መሬቱ ተወደደ። መሬቱ ሲወደድ ባለርስቱ «ለምን ከጭሰኛ እካፈላለሁ? እኔው አላርሰውም?» አለ። ትራክተርና ነዳጅ ከቀረጥ ነፃ ይገባ ስለነበር ማረሻው ረከሰለት፤ ጭሰኛው ከነልጆቹ ተባረረ። የጭሰኛና የባለርስት ግንኙነትን ያሻሽላል የተባለው ሕግ ደግሞ ባለርስቶች በሞሉበት ፓርላማ ቀረ።

እንግሊዞችም በኬንያ በ1954 በስዊነርተን ዕቅድ መሬቱን አጠቃለው በስም ሲያስመዘግቡ ጥቂቶች ከበሩ፣ ብዙዎች ያለ መሬት ቀሩ። እኛ ቅኝ አልተገዛንም ብለን እንኮራለን። ትራክተሩ ግን ባንዲራ አይለይም፤ መብት የሌለው ገበሬ ላይ ልማት ሲመጣ የሚጠቀመው መሬቱን የያዘው ነው።

ይህ ትራክተር በፊልሙ ዋና ታሪክ ውስጥ ቦታ የለውም። ግፉ ሁሉ በአንድ ወንበር ላይ በተቀመጠ ሰው ተመስሏል። ሰውየው ሲሞት ግፉም የሚሞት ይመስላል። ሞተ እንዴ?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» በአዋጅ ተመለሰ። ጭሰኝነት ቀረ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ ተከለከለ። ታላቅ ቀን ነበር፤ ይህን የሚክድ ጭሰኛ ሆኖ የማያውቅ ነው። ነገር ግን ባዶውን ወንበር መንግሥት ተቀመጠበት። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቆረጠው ዋጋ ገበሬው ኮታውን አስረከበ። ደርግ ወድቆ በ1994 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አደረገው። በ2010 ጋምቤላ ውስጥ ካሩቱሪ ለተባለው የሕንድ ኩባንያ 100,000 ሄክታር ለ50 ዓመት በሄክታር 20 ብር ዓመታዊ ኪራይ ተሰጠው። ኩባንያው አብዛኛውን ሳያለማው መንግሥት በ2015 መጨረሻ ውሉን ሰረዘ። አኙዋኩ ሲፈራረሙ አልተጠየቀም፣ ሲሰርዙም አልተጠየቀም።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ ከእኛም ደጅ ይደርሳል። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሆነን፣ ታክሲ ነድተን፣ መኪና ማቆሚያ ጠብቀን ባጠራቀምነው ገንዘብ በአዲስ አበባ ዙሪያ ቤት የሠራን ጥቂት አይደለንም። ላባችን ነው፣ አይነወርም። ግን ቦታው ትናንት ጤፍ ይዘራበት ነበር። በ2005 (እ.ኤ.አ.) የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለተነሳው ገበሬ የወሰነው ካሳ የዓመት ገቢውን አማካይ 10 እጥፍ ነበር፤ በ2019 ወደ 15 እጥፍ ከፍ ብሏል። የሚሰላው ግን ዛሬም በምርቱ እንጂ መሬቱ ለሌላው በሚሸጥበት ዋጋ አይደለም። ያ ገበሬ ዘበኛ ሆኖ በራሱ ማሳ ላይ የተሠራ ቤት ሲጠብቅ ባለርስቱ ማን ነው? መንግሥት ብቻ ነው ብለን እጃችንን እንታጠብ?

«ሦስት ሺህ ዓመት» ሲባል ሁላችንም ነፃ እንወጣለን። እንደ ድርቅ፣ እንደ አንበጣ ከላይ የወረደ ይመስላል። ቀን ያለው ግፍ ግን ፈራሚ አለው፣ ተጠቃሚ አለው፤ ስለዚህ ሊሻርም ይችላል። ፕሮፌሰር ኃይሌ ያሳዩንን ወንበር እናመሰግናለን። አሁን የቀረን በየዘመኑ ማን እንደተቀመጠበት መቁጠር ነው፤ ስንቆጥርም ራሳችንን እንዳንዘልል።

ቸር ይግጠመን።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ