ከበርሜል ወደ ጀሪካን

አደገኛ ዕቃ ከመርከብ ወርዶ የመጨረሻው ተጠቃሚ ዘንድ እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል። እጅ በተለወጠ ቁጥር አንድ ነገር እየተንጠባጠበ ይቀራል፤ መጀመሪያ አብሮት የመጣው የጥንቃቄ ወረቀት፣ ቀጥሎ ካርቶኑ፣ ቀጥሎ በርሜሉ ላይ የተለጠፈው ምልክት፣ በመጨረሻም ስሙ። ጅቡቲ ወደብ ላይ ሙሉ ስምና ቁጥር የነበረው ሰልፈሪክ አሲድ ሰፈር ሲገባ «አሲድ» ብቻ ይባላል፤ ሌላ አንድ እጅ ካለፈ ደግሞ «ያ የባትሪው» ተብሎ በሃይላንድ ይቀዳል። አደገኛ ዕቃ የሚይዙና የሚያጓጉዙ ሠራተኞችን ማሠልጠን በአመዛኙ ይህን መንጠባጠብ የመግታት ሙያ ነው። ሥልጠናው ግን ብዙ ጊዜ የሚታደለው ተገላቢጦሽ ነው። ሰነድ የሚፈርመው የመጋዘን ኃላፊ አዳራሽ ገብቶ ይሠለጥናል፤ በርሜሉን የሚያንከባልለው ጫኝና አውራጅ ደጅ ቆሞ መኪና ይጠብቃል።

አደገኛ ዕቃ ሲባል የሰው ሐሳብ ቶሎ ወደ ፈንጂና ወደ ነዳጅ ቦቴ ይሄዳል። ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ሩብ ሰዓት በእግሩ የተዘዋወረ ሰው ግን የዓለም አቀፉን ዝርዝር አብዛኛውን ክፍል ያለ መጽሐፍ ሊያነበው ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣውና እስከ ዛሬ እየታደሰ የሚሠራበት ምክረ ሐሳብ ዕቃዎቹን በዘጠኝ ምድብ ይከፍላቸዋል። በትከሻ የሚሄደው የቡታጋዝ ሲሊንደር ምድብ 2 ነው። ቀለም ቀቢው የያዘው ቲነር ምድብ 3፣ ኪዮስክ ያለው ክብሪት ሳይቀር ምድብ 4፣ የአይጥ መርዙ ምድብ 6፣ የመኪና ባትሪ አሲድና ጠንካራ በረኪና ምድብ 8፣ ሞባይል ጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ የተኛው ያበጠ ባትሪ ምድብ 9። ምድብ 7፣ ማለትም ጨረር አመንጪው፣ ሱቅ ውስጥ አይገኝም፤ ግን በዚያው ክፍለ ከተማ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለካንሰር ሕክምና ሲጠቀምበት ኖሯል። ጎበዝ አሠልጣኝ ከዚህ ከሚታወቀው ይነሳል። «ምድብ 8 ማለት የሚበላ ነገር ነው» ብሎ ሰሌዳ ላይ ከመጻፍ በፊት፣ ከሠልጣኞቹ መካከል ሱሪው በአሲድ የተበሳሳው ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ሁልጊዜ አንድ ሰው ይገኛል፤ ቀሪውን ትምህርት ያ ሰው ያስተምራል።

በዓለም አቀፉ አሠራር ቦቴ ላይ የሚለጠፈው ብርቱካናማ ሰሌዳ ሁለት ቁጥር ይይዛል። የታችኛው የዕቃው መለያ ነው፤ 1203 ቤንዚን፣ 1202 ናፍጣ፣ 1223 ነጭ ጋዝ፣ 1830 ሰልፈሪክ አሲድ። የላይኛው ጠባዩን ይናገራል። 3 የሚቀጣጠል ፈሳሽ ነው፤ አንድ አኃዝ ሲደገም ጠባዩ ይብሳል፤ ስለዚህ ናፍጣ 30 ሲሆን ቤንዚን 33 ነው። ከቁጥሩ ፊት ኤክስ የተባለው የላቲን ፊደል ካለ ዕቃው ውሃ ማየት የለበትም። ሾፌሮች ቁጥር ለመያዝ አይቸገሩም፤ የስልክ ቁጥር በቃላቸው የሚያስታውሱ ሰዎች ናቸው። የሚያስቸግረው በ30 እና በ33 መካከል ያለውን ርቀት ማስረዳት ነው። ናፍጣ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ለመስጠት ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሞቅ አለበት፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ይተናል። የፈሰሰ ናፍጣ ላይ ክብሪት ወድቆ ሲጠፋ ያየ ረዳት ቤንዚንንም በዚያው ዓይን ያየዋል። ምንም የማያውቅ ሰው ቢያንስ ይፈራል፤ በናፍጣ የለመደ ሰው ግን አይፈራም። አሠልጣኙን የሚያደክመው ይህ ልምድ ነው።

ማሸጊያን በሚመለከት ለኢትዮጵያ የቀረበ ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ላይ ወደ ኢትዮጵያ ሊሻገር ጅቡቲ ወደብ የደረሰ፣ እንጨት እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ክሮም፣ መዳብና አርሰኒክ ያለበት ኬሚካል ከኮንቴይነሮች ውስጥ እየፈሰሰ ተገኘ። የታሸገው ለዚያ ዕቃ በማይሆን የፕላስቲክ መያዣ ነበር። ወደብ ላይ ያለው የጉልበት ሠራተኛ ማሸጊያውን አልመረጠም፤ መርዙ የሚያገኘው ግን እሱን ነው። ስለዚህ ለተቀባይ ወገን ሠራተኛ ከሁሉ በፊት የሚሰጠው ትምህርት እንዴት እንደሚሸከም ሳይሆን መቼ «አላወርድም» እንደሚል ነው። እርጥብ ኮንቴይነር፣ ያበጠ በርሜል፣ ጽሑፉ የተፋቀ ጀሪካን፣ የሚያስነጥስ ሽታ፤ ከእነዚህ አንዱ ሲታይ በሩ ተመልሶ ይዘጋል፣ ኃላፊ ይጠራል። ይህን ያደረገ ሠራተኛ የዕለት ሒሳቡን የሚያጣ ከሆነ ግን ትምህርቱ እዚያው ሞቷል፤ ይህን ደግሞ አሠልጣኙ ለሠራተኛው ሳይሆን ለባለንብረቱ ነው መንገር ያለበት።

ከውጭ የመጣ ማሠልጠኛ የማይነግረው አንድ ነገር ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት በጅቡቲ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ባሕር ዳርቻ የታሸገ በርሜል ወደ 900 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ የአፋርን ሙቀት አልፎ አዲስ አበባ ሲደርስ ሆዱን ነፍቶ ነው። ክዳኑን በአንድ ጊዜ የሚያስፈነጥር ሠራተኛ ፊቱ ላይ ይረጭበታል። ትክክለኛው አከፋፈት ጎንበስ ሳይሉ፣ ፊትን ወደ ጎን አድርጎ፣ ክዳኑን ሩብ ዙር መፍታትና ትንፋሹ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ሙቀቱም የራሱ ሒሳብ አለው። ቤንዚን በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከሺህ አንድ ያህል ይሰፋል፤ 20 ዲግሪ የሞቀ 200 ሊትር አራት ሊትር ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። በርሜልም ሆነ ቦቴ እስከ አፉ የማይሞላው ለዚህ ነው። ደንበኛው «ጎደለብኝ» ብሎ ሲነታረክ መልሱን የሚያውቅ ሠራተኛ ቢኖር ደግሞ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ሲሊንደር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል፤ ምክንያቱም በከተማው ከሁሉ ይልቅ የሚጉላላ ዕቃ እሱ ነው። የቡታጋዝ ተን ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ሄዶ ቦይና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ «መስኮት ክፈት» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም፤ በሩም ከታች መከፈት አለበት። ልቀቱ በሳሙና አረፋ ይፈተሻል፤ በክብሪት የሚፈትሽ ሰው እስከ ዛሬ አለ። የበያጁ ኦክስጅን ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራሱ አይቃጠልም፣ ሌላውን ግን እንደ ጉድ ያቃጥላል። የሲሊንደሩ አፍ ላስቸገረው ረዳት ግሪስ መቀባት የዋህ መፍትሔ ይመስለዋል፤ ግፊት ያለው ኦክስጅን ከቅባት ጋር ሲገናኝ ግን በራሱ ሊፈነዳ ይችላል። ቫልቩን የሚሸፍነው ኮፍያ ጠፍቶ፣ ሲሊንደሩ መኪና ላይ ተኝቶ እየተንከባለለ ሲሄድ ማየትም የተለመደ ነው። የሞላ የኦክስጅን ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል፤ ቫልቩ ቢሰበር ብረቱ እንደ ሮኬት ይወነጨፋል። ይህን በቃል የሰማ ይረሳዋል። ሲሊንደር ቆሞ በሰንሰለት ሲታሰር፣ ኮፍያው ሲጠብቅ፣ በእጁ ደጋግሞ የሠራው ሰው ግን ሳያስር መሄድ ይከብደዋል።

አሲድ ከትልቁ ጀሪካን ወደ ትንሹ ሲቀዳ ማየት ሥልጠና ምን እንደጎደለው በግልጽ ያሳያል። ጀሪካኑ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ልጁ የላስቲክ ቱቦ ይከትና በአፉ ይስባል፤ ፈሳሹ ሲቃረብ ቱቦውን ቶሎ ያወጣዋል፤ ትንሽ መሬቱን ያቃጥላል፣ ሌላው ሃይላንዱ ውስጥ ይወርዳል። የለመደ ሰው አንዴም ላይሳሳት ይችላል። «በአፍህ አትሳብ» የሚለው ምክር ለዚህ ልጅ ባዶ ነው፤ የእጅ ፓምፕ ገዝቶ የሰጠው አሠሪ ግን ያለ ንግግር አሠልጥኖታል። አሲድ ማቅጠን ሲመጣ ሕጉ አንድ ነው፤ አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል፣ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም፤ የመጀመሪያው ጠብታ ውሃ በአሲዱ ሙቀት ፈልቶ ስለሚረጭ። የነካው ቆዳ ወይም ዓይን ቢያንስ ለሩብ ሰዓት በሚፈስ ውሃ ይታጠባል ይላሉ መጻሕፍቱ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ምክር በራሱ ዝግጅት ይፈልጋል፤ ክዳን ከመከፈቱ በፊት አንድ በርሜል ንጹሕ ውሃና ጆግ በአጠገብ መኖሩ ይረጋገጣል።

ሃይላንዱ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። የመጠጥ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ የተቀዳ በረኪና፣ ነጭ ጋዝ ወይም አሲድ የተጠማ ልጅ ያነሳዋል። ነጭ ጋዝ የጠጣን ሰው ለማስመለስ መሞከር ደግሞ ጉዳቱን ያብሳል፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። ወተትም እንዲሁ አንድ ቃል ይፈልጋል። በብዙ የሥራ ቦታ ኬሚካል ለሚነካ ሠራተኛ ወተት ይሰጣል፤ ቀለም ቀቢውም ማታ ወተት ካልጠጣ ቀኑን የታጠበ አይመስለውም። ወተት ምግብ ነው፤ ሳንባ የገባን የቲነር ተን አያወጣም። ይሁንና አሠልጣኙ ወተቱን ለማስቀረት መሟገት የለበትም፤ ሠራተኛው ከአሠሪው የሚያገኘው ብቸኛ እውቅና እሱ ሊሆን ይችላል። ወተቱ ይጠጣ፤ ጭምብሉና ጓንቱ ግን ይጨመር።

የቦቴ ሾፌር ሥልጠና ሌላ ዓለም ነው። ግማሽ የተጫነ ቦቴ ከሙሉው ይልቅ ያስቸግራል፤ ፈሳሹ ኩርባ ላይ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይመታል። ሲጫንና ሲራገፍ መኪናው በሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዛል፤ የሚፈስ ነዳጅ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይበቃዋልና። ከሁሉ የሚከብደው ግን ከተገለበጠ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ኬንያ ውስጥ ሞሎ አጠገብ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2009፣ ታንዛኒያ ሞሮጎሮ ላይ በኦገስት 2019፣ ከተገለበጠ ቦቴ ነዳጅ ሊቀዱ የተሰበሰቡ ሰዎች እሳት ሲነሳ በየቦታው ወደ መቶ የሚደርሱና ከዚያም በላይ ሆነው አለቁ። መኪናው ሲገለበጥ የሞተ ሰው ላይኖር ይችላል፤ የሚገድለው ጀሪካን ይዞ የሚመጣው ሕዝብ ነው። የሾፌሩ ደመ ነፍስ መኪናውን ማዳን ይፈልጋል። ሥልጠናው በዚህ ፋንታ ሌላ ቅደም ተከተል ማስያዝ አለበት፤ ሞተርና ባትሪ ማጥፋት፣ ሰውን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አርቆ መያዝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ 939 መደወል፣ ጭነቱ ምን እንደሆነ በቁጥሩ መናገር። ይህ በመንገድ ዳር፣ በእውነተኛ መኪና፣ ረዳቱንም ጨምሮ መለማመድ ያለበት ነገር ነው፤ ሾፌሩ ከተጎዳ የሚቀረው ረዳቱ ነውና።

ይህን ሁሉ በሥርዓት የሚሠራ ዘርፍ አገር ውስጥ አለ፤ አቪዬሽን ነው። በአየር ትራንስፖርት ደንብ አደገኛ ዕቃን የሚመለከት ሥልጠና በ24 ወር ይታደሳል፤ የሚሰጠውም በማዕረግ ሳይሆን በሥራ ድርሻ ነው። ጭነት የሚቀበለው፣ አውሮፕላን ላይ የሚጭነው፣ የመንገደኛ ሻንጣ የሚመዝነውም ሳይቀር ለእጁ የሚያስፈልገውን ያህል ይማራል። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2013 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ለንደን ሂትሮው ላይ ባዶውን ቆሞ ሳለ ጣሪያው ተቃጠለ። የብሪታንያ መርማሪዎች መነሻው የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያው ሊቲየም ባትሪ መሆኑን፣ ሽቦዎቹም መሣሪያው ሲገጣጠም በክዳኑ ሥር ተቀርቅረው እንደነበር ደረሱበት። ጥፋቱ የአየር መንገዱ ሠራተኞች አልነበረም። ሰማይ ላይ ለሚበር ማሽን የተሠራ ባትሪ በአንድ የተቀረቀረ ሽቦ ይህን ካደረገ፣ ሞባይል ጠጋኙ በቢላዋ የሚፈለቅቀው ያበጠ ባትሪ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አይከብድም።

በምድር ትራንስፖርት ሕጉ አልጠፋም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹን ስለ ሥራቸው አደጋና ስለ ጥንቃቄው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከተው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ነው። ክፍተቱ ያለው «ሠራተኛ» በሚለው ቃል ላይ ነው። በማኅበር ተደራጅቶ ወይም እንዲሁ ጥግ ላይ ቆሞ በቁጥር የሚያወርደው ወጣት የነጋዴውም፣ የባለመኪናውም፣ የመጋዘኑም ተቀጣሪ አይደለም። ስለዚህ ማንም አያሠለጥነውም። የሚያዋጣው መንገድ አጭሩ ይመስላል፤ መኪናው ቆሞ፣ ተራጋፊው ዕቃ ዓይን ላይ እያለ፣ አሥር ደቂቃ። ምንድን ነው? ቢፈስ ምን ያደርጋል? ውሃው የት ነው? ማን ይጠራል? አንዱ ይመልሳል፣ ሌላው በእጁ ያሳያል፣ ከዚያ ይጀመራል። በየጭነቱ የሚደገም አሥር ደቂቃ፣ ፊርማ ተሰብስቦ ፋይል ከሚገባበት የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት ይበልጣል።

የሰንሰለቱ የመጨረሻ እጅ የቆራሌው ነው። ባዶ በርሜልና ጀሪካን ዋጋ አለው፤ ቆራሌው ይገዛዋል፣ ሌላው ውሃ ሊያጠራቅምበት ይወስደዋል፣ ሌላው ምድጃ ሊሠራበት በጋዝ ይቆርጠዋል። ባዶ የተባለ የቤንዚን ወይም የቲነር በርሜል ግን በተን የተሞላ ነው፤ ሲቆረጥ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው። የፀረ ተባይ መያዣ ደግሞ ሦስት ጊዜ ቢታጠብም የውሃ ዕቃ አይሆንም። ስለዚህ የመጋዘን ሠራተኛ ሥልጠና የሚያበቃው ዕቃው ሲሸጥ ሳይሆን መያዣው ሲበሳ ነው፤ ተለቅልቆ፣ ምልክቱ ሳይላጥ፣ ታችኛው ሆዱ በመቆርቆሪያ ሁለትና ሦስት ቦታ ተበስቶ፣ ውሃ እንዳይይዝ።